የዛንዚባር ደሴት የአንድ ቀን ጉብኝት
ቅርንፉድ የምትሸት ከተማና የቀድሞው የሰው ገበያ

በባሕር የሚጓዝ ሰው አገርን የሚያየው እንደ በቅሎ መንገደኛ ቀስ በቀስ አይደለም። ማታ በመርከብ ተኝቶ ማለዳ ሲነቃ አዲስ አገር ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሲመሽም ያው አገር ከዓይኑ ይሰወራል። ለሽርሽር የሚሄዱ ትልልቅ መርከቦች በየወደቡ ሲያርፉ ለመንገደኛው የሚሰጡት ጊዜ ከጧት እስከ ማታ ብቻ ስለ ሆነ፥ ይህችን አጭር ቀን በምን እንደሚያሳልፏት አስቀድሞ ማሰብ የቤተሰብ አባትና የእመቤቲቱ ተግባር ነው። ያላሰበ ሰው ግማሹን ቀን በሱቅ፥ ግማሹን በጥላ ሥር ተቀምጦ ይጨርሰውና ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሙቀቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከልጆቻቸው ጋራ እንዲህ ላለ ጉዞ የሚነሡ ክቡራን አንባቢዎቻችን እንዲጠቀሙበት፥ መርከባችን በዛንዚባር ባረፈችበት ቀን ያየነውንና የተማርነውን ባጭሩ ለመጻፍ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ደሴቲቱ

ዛንዚባር በሕንድ ውቅያኖስ፥ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 6 ዲግሪ ላይ፥ ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሙ የብዙ ደሴቶች መጠሪያ ሲሆን ዋናዎቹ ኡንጉጃና ፔምባ ናቸው። መርከብ የሚያርፍበት ከተማ ያለው በኡንጉጃ ነው፤ የዚህችም ደሴት ርዝመት 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛንዚባር በ1964 ዓ.ም. ከታንጋኒካ ጋራ ተባብራ ዛሬ ታንዛኒያ የምንለውን መንግሥት አቋቁማለች፤ ለውስጥ ጕዳይዋ ግን የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት አላት። በ2022 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የሕዝቧ ቍጥር ወደ 1.9 ሚሊዮን ተጠግቷል። ከሕዝቡም የሚበዛው እስላም ነው፤ ቋንቋው ስዋሂሊ ነው።

ከመርከብ ሆኖ ሲመለከቷት ከተማይቱ ነጭ ናት፤ ከበስተኋላዋ የኮኮነት ዛፎች ይታያሉ፤ ከፊቷም ሸራቸው ሦስት ማዕዘን የሆነ ጀልባዎች ይመላለሳሉ። እነዚህ ጀልባዎች ከጥንት ጀምሮ በነፋስ የሚነዱ ናቸው። ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከዓረብና ከሕንድ አገር ነጋዴውን ያመጣ ነበር፤ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ደግሞ መልሶ ይወስደው ነበር። ነጋዴው በሁለቱ ነፋሳት መካከል በከተማው ሲቀመጥ ሚስት አገባ፥ ቤት ሠራ፥ ልጅ ወለደ። የስዋሂሊ ቋንቋ የአፍሪካ ሥር ይዞ ሳለ ብዙ የዓረብኛ ቃል የተቀላቀለበት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ሰዓት ማስጠንቀቂያ

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ደስ የሚያሰኝም የሚያሳስብም አንድ ነገር አለ። የዛንዚባር ሰው ሰዓቱን የሚቈጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆን «ሳአ ሞጃ» ይላል፤ ትርጓሜው አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ግን 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከገበያ ሰው ጋራ ስንነጋገር በአገራችን ያለን ያህል ተግባባን። ነገር ግን መርከቡ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በመርከቡ ሰሌዳ «17 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው በእኛና በደሴቱ ሰው አፍ 11 ሰዓት ነው። መንገደኛው ከመርከብ ሲወርድ የመመለሻውን ሰዓት በሁለቱም አቈጣጠር ጽፎ ይያዝ፤ ለሚከራየውም የመኪና ነጂ በሁለቱም ይንገረው። መርከብ ማንንም አይጠብቅም።

የድንጋዩ ከተማ

አሮጌው ከተማ ከወደቡ በእግር የሚደረስበት ነው። የአገሩ ሰዎች «ምጂ ምኮንግዌ» ይሉታል፤ አሮጌው ከተማ ማለት ነው። እንግሊዞች የድንጋይ ከተማ ብለው ስለ ሰየሙት በዚሁ ስም በዓለም ታውቋል፤ በ2000 ዓ.ም.ም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር በሚገኝ መርጃን በሚባል ድንጋይና በኖራ ነው፤ ጣራቸውን የሚሸከመው በባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጠንካራ እንጨት ነው። መንገዶቹ እጅግ ጠባቦች ስለ ሆኑ መኪና በብዙዎቹ አያልፍም፤ ፀሐይም እስከ ቀትር ድረስ ወደ መሬት አትደርስም። በሙቀት አገር ይህ ትልቅ ብልሃት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስቡት በሮች ናቸው። ባለጠጋ ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ በሩን ያቆም ነበር ይባላል። ላይኛው መቃን ቀጥ ያለው በር የዓረብ ሥራ ነው፤ ላይኛው እንደ ቀስት የጐበጠው ደግሞ የሕንድ ሥራ ነው። በመቃኑ ላይ ዓሣ፥ የተምር ዛፍ፥ አበባና ሰንሰለት ተቀርጾበታል፤ በሳንቃውም ላይ የነሐስ ጕጦች ተተክለዋል። ይህ የጕጥ ልማድ የመጣው ከሕንድ ነው፤ በዚያ አገር ዝሆን በግንባሩ ገፍቶ በሩን እንዳይሰብር ይደረግ ነበር ይባላል። በዛንዚባር ግን በር የሚሰብር ዝሆን ስለሌለ ጕጡ የክብር ጌጥ ብቻ ነው።

በባሕሩ ዳር የዑማን ዓረቦች በ1698 ዓ.ም. ፖርቱጋሎችን ካስወጡ በኋላ የሠሩት ምሽግ ይገኛል። የተሠራው ቀድሞ የፖርቱጋሎች ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ስፍራ ላይ ነው። ከአጠገቡ ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 ዓ.ም. ያሠሩት «ቤት አል ዐጃኢብ» የተባለው ታላቅ ሕንፃ አለ፤ የድንቅ ነገሮች ቤት ማለት ነው። በዛንዚባር ከሁሉ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ መብራት የገባበት እርሱ ስለ ሆነ ስሙ ተገባው። በ1896 ዓ.ም. በኦገስት ወር እንግሊዞች የሱልጣኑን ግቢ ከመርከብ በመድፍ ሲደበድቡ ጦርነቱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ብቻ ቈይቶ አለቀ፤ በታሪክ ከተጻፉት ጦርነቶች ሁሉ አጭሩ እርሱ ነው ይባላል። የድንቅ ነገሮች ቤት ያን ጊዜ ተጐድቶ ቢቆምም፥ በ2020 ዓ.ም. በልደት ቀን በጥገና ላይ ሳለ ከፊሉ ከነሰዓቱ ግንብ ፈርሶ ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል።

የሰው ገበያ የነበረው ስፍራ

ከዚህ በኋላ ወዴት እንሂድ በሚለው በመንገደኞቹ መካከል ክርክር ተነሣ። መሪያችን የቀድሞውን የባሪያ ገበያ እንይ አለ። ሁለት ልጆች ይዘው የመጡ አንዲት እመቤት «ልጆቼን ያመጣኋቸው ለደስታ ነው እንጂ ለለቅሶ አይደለም፤ እነርሱስ ይህን ባያዩ ይሻላል» አሉ። አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት ግን «እመቤቴ፥ ልጅ የቅርንፉዱን ሽታ ካሸተተ ቅርንፉዱን ማን እንደ ለቀመው ሊያውቅ ይገባዋል። ያለዚያ ያየው ግማሽ አገር ነው» ብለው መለሱላቸው። እመቤቲቱም ጥቂት አስበው ተስማሙ።

በስፍራው ዛሬ የሚታየው የእንግሊዞች ካቴድራል ነው። በ1873 ዓ.ም. በጁን ወር ገበያው ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት በልደት ቀን የቤተ ክርስቲያኑ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሥራውን ያሠሩት ኤጲስ ቆጶስ ኤድዋርድ ስቲር ናቸው፤ እኚህ ሰው የስዋሂሊን ሰዋስው የጻፉና የመጽሐፍ ቅዱስን ክፍል ወደ ስዋሂሊ የተረጐሙ ሊቅ ነበሩ። በ1882 ዓ.ም. ሲያርፉ ከመንበሩ በስተኋላ ተቀበሩ። መንበሩ የቆመው ባሮች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ስፍራ ላይ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ምልክት ይሆን ዘንድ በወለሉ ላይ በቀይ የተከበበ ክብ ዕብነ በረድ ተነጥፏል። በዐምድ ላይ የተሰቀለው የእንጨት መስቀል የተሠራው፥ የዳዊት ሊቪንግስቶን ልብ በ1873 ዓ.ም. በሥሩ ከተቀበረበት ዛፍ ነው። ሊቪንግስቶን የባሪያን ንግድ ክፋት ለአውሮፓ ያስታወቀ መንገደኛ ነው፤ ሬሳውን ከመካከለኛው አፍሪካ እስከ ባሕር ድረስ የተሸከሙት አፍሪካውያን አገልጋዮቹ ነበሩ።

በአጠገቡ ባለው ቤት ከምድር በታች ሁለት ዝቅተኛ ክፍሎች ይታያሉ። ባሮች ከመሸጣቸው በፊት የታጐሩባቸው ናቸው ተብሎ ይተረካል፤ አንዳንድ የታሪክ መርማሪዎች ግን ክፍሎቹ ከገበያው መዘጋት በኋላ የተሠሩ ናቸው ይላሉ። ክርክሩ ስለ ክፍሎቹ ነው እንጂ ስለ ስፍራው አይደለም፤ በዚህ ምድር ላይ ሰው እንደ ከብት ጥርሱ እየታየ መሸጡን የሚክድ የለም።

በቅጥሩ ውስጥ ክላራ ሶርናስ የምትባል የስዊድን ቀራፂ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሠራችው ሐውልት አለ። በአራት ማዕዘን ጕድጓድ ውስጥ አምስት የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል፤ በአንገታቸውም እውነተኛ የብረት ሰንሰለት ታስሯል። ከእመቤቲቱ ልጆች ታናሺቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «እማማ፥ ስማቸው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። በዙሪያው ከተጻፈው ሁሉ አንድ ስም እንኳ አልነበረም። እመቤቲቱም «ልጄ፥ ስማቸውን የጻፈላቸው የለም፤ የተሸጠ ሰው መጀመሪያ የሚወሰድበት ስሙ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ባናመጣቸው ይሻል ነበር ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

የሐበሻይቱ ልጅ

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በዚህ ስፍራ ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። የዑማኑ ሱልጣን ሰዒድ ቢን ሱልጣን መንበራቸውን ከመስቀት ወደ ዛንዚባር ካዛወሩ በኋላ በቤተ መንግሥታቸው ብዙ ዕቁባቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ከቼርኬስ አገርና ከሐበሻ የመጡ ይገኙ ነበር። ይህን በዝርዝር የጻፈችልን የሱልጣኑ ልጅ ልዕልት ሳልሜ ናት። በዚያ ቤት ሴቶች ልጆች ማንበብ እንጂ መጻፍ አይማሩም ነበር፤ ሳልሜ ግን የቁርአንን ፊደል እያየች በግመል ብራኳ አጥንት ላይ እየጻፈች በስውር ራሷን አስተማረች። በ1866 ዓ.ም. ከአገሯ ወጥታ ጀርመናዊ ነጋዴ አገባች፤ በ1886 ዓ.ም. የሕይወቷን ታሪክ በጀርመን ቋንቋ አሳተመች። በስውር የተማረችው ጽሕፈት ባይኖር ስለዚያ ቤት ሴቶች ኑሮ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ከሱልጣን ሰዒድ ልጆች አንዱ ባርጋሽ እናታቸው ሐበሻ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ዙፋን ላይ ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የባሪያን ንግድ ካልከለከሉ በጦር መርከብ ወደባቸውን እንደሚዘጋባቸው ቢያስታውቃቸው፥ ውሉን ፈርመው ገበያውን ዘጉ። ፈቅደው ነው ለማለት አንችልም፤ ተገደው ነው። ሆኖም ከሩቅ አገር ተወስዳ ዕቁባት የሆነች የሐበሻ ሴት ልጅ፥ የዚያ ገበያ በር በእጁ ማኅተም መዘጋቱ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው። ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። ገበያው ከተዘጋ በኋላ ባርነቱ በእርሻው ላይ ቀጠለ፤ በሕግ የተሻረው በ1897 ዓ.ም. ነው፤ ዕቁባቶቹም በሕግ ነፃ የወጡት በ1909 ዓ.ም. ነው።

ይህን የምንጽፈው በሌላው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። በአገራችንም ባርነት ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በዛንዚባር የቆሙት የድንጋይ ሰዎች ለእኛም ይናገራሉ።

ቅርንፉዱ

ከቀትር በኋላ በመኪና ወደ እርሻው ወጣን። ቅርንፉድ ለደሴቲቱ ባዕድ ነው፤ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከሕንድ ውቅያኖስ የፈረንሳይ ደሴቶች ነው። ሱልጣን ሰዒድ ትርፉን አይተው ባለ ርስቱ ሁሉ እንዲተክል አዘዙ፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ዛንዚባር ለዓለም ገበያ ቅርንፉድ በማቅረብ አንደኛ ሆነች። በ1872 ዓ.ም. ታላቅ ዐውሎ ነፋስ የኡንጉጃን ዛፎች ቢጥልም ፔምባን አልነካም፤ ከዚያ ወዲህ የሚበዛው ቅርንፉድ የሚገኘው ከፔምባ ነው።

እኛ በወጥ ቤት የምናውቀው ቅርንፉድ ፍሬ ሳይሆን ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ከፈነዳ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዛፉ ላይ ወጥቶ በእጅ፥ በጊዜው፥ ሳይዘገዩ መልቀም ያስፈልጋል፤ ከዚያም ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ደርቆ ይጠቍራል። ይህ ሁሉ ብዙ እጅ ይፈልጋል። እርሻው በሰፋ ቍጥር ገበያው ሰው የሸጠበት ምክንያት እዚህ ላይ ተገለጠልን፤ ጧት ያየነው ሰንሰለትና ከቀትር በኋላ ያሸተትነው መዓዛ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። አዛውንቱ የተናገሩት ትክክል ነበር።

ዛሬ ግን ዛፉን የሚወጣው ነፃ ሰው ነው፤ ለእንግዳም ሁሉን በፈገግታ ያሳያል። የቀረፋን ቅርፊት ከዛፉ ልጦ ያሸትትዎታል፤ ገውዙን ሰንጥቆ በውስጡ ያለውን እንደ ቀይ መረብ የሆነ ሽፋን ያሳያል። ሄል፥ ቁንዶ በርበሬ፥ እርድ፥ ዝንጅብልና ቫኒላም በዚያው ይገኛሉ። ወይዛዝርት ከማድቤታቸው የሚያውቁትን ሁሉ በሥሩና በቅጠሉ ሲያዩት እጅግ ይደሰታሉ። ለልጆችም ዓይናቸውን ጨፍነው በሽታ ብቻ እየለዩ ስሙን እንዲናገሩ ማድረግ መልካም ጨዋታ ነው።

ገበያውና ካንጋው

ወደ ከተማ ስንመለስ በ1904 ዓ.ም. የተሠራውን የዳራጃኒን ገበያ አየን። ቅመም የሚገዛ ሰው ከዚህ ቢገዛ ይሻለዋል። ለሴቶች የሚሆነው ምርጥ ስጦታ ግን ካንጋ ነው። ካንጋ ሁለት አንድ ዓይነት የጥጥ ጨርቅ ሲሆን አንዱ ይታጠቃል፥ ሌላው ራስና ትከሻ ይሸፍናል። ዙሪያውን ጥለት አለው፤ ከበታቹም በስዋሂሊ ምሳሌያዊ አነጋገር ተጽፎበታል። ሚስት ለባሏ፥ ጎረቤት ለጎረቤት በአፏ ልትናገረው የማትወደውን በካንጋዋ ትናገራለች። ስለዚህ ገዢው የተጻፈውን ሳያስተረጕም ለአማቱ እንዳይሰጥ እንመክረዋለን።

በድሮው ዘመን በዚህ ገበያ የሚሠራበት ገንዘብ በአገራችንም የታወቀው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። አንዱ የነገሥት ሴት ምስል በጐጃም ገበያና በዛንዚባር ወደብ እኩል መታመኑ የሚያስገርም ነው።

ጊዜ ለተረፈው

ጊዜ የተረፈው ሰው በጀልባ ወደ ቻንጉ ደሴት ሊሄድ ይችላል። በዚያ እስር ቤት ተሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ከባሕር የሚመጡ ሕሙማን ተለይተው የሚቈዩበት ስፍራ ሆነ። በ1919 ዓ.ም. ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ታላላቅ ኤሊዎች ዘር ዛሬም በዚያ ይኖራል፤ ልጆች ቅጠል ሲያበሏቸው ደስታቸው ወሰን የለውም። በምሥራቅ በኩል ያለውን የጆዛኒን ደንና በዛንዚባር ብቻ የሚገኘውን ቀይ ጉሬዛ ማየት ግን ሰፊ ጊዜ ስለሚፈልግ፥ ሁሉን በአንድ ቀን እናያለን የሚል ሰው አንዱንም ሳያይ ይመለሳል።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

አንደኛ፤ ከተማው የእስላም ከተማ ስለ ሆነ ወንዱም ሴቱም ትከሻውንና ጉልበቱን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። የአገሬው ሰው በአፉ ባይናገር በልቡ ያዝናል። ሁለተኛ፤ የሰው መልክ በፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። ሦስተኛ፤ ውሃና ባርኔጣ አይረሳ፤ የባሕር ዳር ሙቀት እንደ ደጋ ፀሐይ አይደለም፤ ላብ ሳይደርቅ ያደክማል። አራተኛ፤ የባሪያ ገበያው ስፍራ በጧት ይታይ፤ የቅመሙ እርሻ ከቀትር በኋላ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልጆቹ ደክመው ሳሉ ከባዱን ነገር ያያሉ፤ በቅደም ተከተሉ ከሆነ ግን መዓዛውን በትርጓሜው ያሸትታሉ። አምስተኛ፤ «ካሪቡ» ለሚልዎ ሰው «አሳንቴ» ብለው ይመልሱ፤ ፊተኛው እንኳን ደኅና መጡ፥ ሁለተኛው አመሰግናለሁ ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ቃላት ብዙ በር ይከፈታል።

አገርን መጐብኘት የዓይን ምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥዕል በበቃ ነበር። ልጆቻችንን ባሕር አሻግረን የምንወስዳቸው የሰውን ሥራ መልካሙንም ክፉውንም አይተው እንዲለዩ ነው። ዛንዚባር ሁለቱንም በእግር በሚዳረስ ርቀት አቅርባ ታሳያለች፤ ከመዓዛዋም ጋራ ታሪኳን አትደብቅም። ከማድቤታችን ቅርንፉድ በሚወቀጥበት ጊዜ ከልጆቻችን አንዱ «ይህን የለቀመው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ለመርከቡ የከፈልነው ገንዘብ በከንቱ አልቀረም።